የዳማ ሳንባ

ማክሰኞ ማክሰኞ የላይኛው ሰፈር በጎች ይታያሉ። ሴቶቹ በጎቻቸውን አጥበውና አበጥረው፣ የነጭ ሜዳን ዋና መንገድ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ትንፋሽ ጽሕፈት ቤት ይወርዳሉ። በመንገዱ ላይ ዱቄት ይነፍሳል። ዱቄት የሚሉት የእህል አይደለም፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ፋብሪካ ሌት ተቀን የሚፈጨው የድንጋይ ብናኝ ነው። ፋብሪካውንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ ወፍጮው ይባላል። ነፋሱ ሲበረታ ሴቶቹ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍፈው የበጎቹን አፍንጫ ይሸፍናሉ። ለራሷ አፍንጫ ሌላ ጨርቅ የያዘች ሴት ግን በሰልፉ ውስጥ አትገኝም።

ትርሲት ወልደ ሰማዕትም እንደ ሌሎቹ ታደርጋለች። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ቃሏን መጥና የምትናገር፣ ከእድር ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። የቤቷን በግ፣ ዳማን፣ በገመድ ጎትታ አታውቅም፤ በመዳፏ ጥቂት ጨው ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ዳማም መዳፏን እያሸተተች ትከተላታለች።

የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ናሁሠናይ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ከሰው ጋር ሲነጋገር ድምፁ እንደ ማንም ነው፤ ከበጎቹ ጋር ሲነጋገር ግን ዝቅ ያደርገዋል።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ» አላት ዳማን።

ዳማ ልማዷ ስለሆነ በጠረጴዛው ላይ ራሷ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ናሁሠናይ ጭምብሉን በአፍና በአፍንጫዋ ላይ አደረገላት። በቀድሞ ዘመን፣ ሰው በሚታይበት ጊዜ፣ «ትንፋሽህን ያዝ» ይባል ነበር፤ በግ ይህን ስለማትሰማ ትንፋሿን ጭምብሉ ራሱ ይይዝላታል። ቀለበት የሚሉት ማሽን በደረቷ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ። ወዲያው በግድግዳው ላይ ሁለት ሳንባዎች ታዩ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር። በዚህ ምስል ጥቁሩ ጤና ነው፤ ነጩ ሕመም። ነጩን ጉም ይሉታል።

«ንጹሕ ነው፣ እትዬ ትርሲት። ቤትዎ ንጹሕ ነው።»

በሕጉ የበጓ ሳንባ የቤተ ሰቡ ሳንባ ነው። አብራቸው ትኖራለች፤ አየራቸውን ትተነፍሳለች፤ ስለዚህ የእርሷ ደረት ስለ እነርሱ ደረት ይናገራል። ምስክር በግ መባሏም ከዚህ የተነሣ ነው።

ትርሲት ግን ምስሉን ተቀብላ አልወጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ባለቤቴ ያስላል» አለች።

«በጓ አታስልም» አለ ናሁሠናይ በለሰለሰ አንደበት።

«አሁንማ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ወፍጮውም አሰናበተው። ታምሜያለሁ ቢላቸው፣ ቤትህ ንጹሕ ነው፣ ሥራ ጠልተህ ነው አሉት።»

«እንግዲህ ምስሉ ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«እሱን ራሱን ብታይልኝስ? እዚሁ። ቀለበቱ ጠባብ አይደለም፤ ይገባል። ደግሞ ከስቷል።»

ናሁሠናይ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የንቀት አልነበረም። አንድ ሰው ፈረስ ጽሕፈት እንዲያስተምር ቢጠይቀው እንዲሁ ፈገግ ይል ነበር።

«ሰው ማየት ከቀረ ስንት ዘመኑ! ሰው እኮ ያስመስላል። ጡረታ ሲፈልግ ያስላል፤ ሥራ ሲፈልግ ሳሉን ይውጣል። ትንፋሽህን ያዝ ሲሉት ግማሹን ይለቃል። በግ አታስመስልም። ደግሞስ ምን ልዩነት አለው? የምትተነፍሱት አንድ አየር ነው።»

ትርሲት ወደ መሬት ተመለከተች። አንድ አየር እንዳልነበረ ታውቃለች። በነጭ ሜዳ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በጎቹ በታደሉበት ዓመት ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት አንዲት በግና አንድ የአየር ማጣሪያ ሰጠ። ማጣሪያው ለሰው ነበር፤ ከአንድ ክፍል በላይ ግን አያጠራም። በዚያው ዓመት በአንድ ቤት በጓ ሞተች፤ የቤቱ እመቤት የመንግሥት አደራ በላች ተባለች፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ከአጠገቧ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይመክር፣ ማንም ሳያዝ፣ በየቤቱ ማጣሪያው ወደ ጓዳ ገባ፤ በጓም ከማጣሪያው ጋር ገባች፤ ቤተ ሰቡ ሳሎን ወጥቶ ተኛ። የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ከራሱ አስቀድሞ እርሱን ይጠብቃል፤ የነጭ ሜዳ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የበጓን መኝታ አይቶ አመስግኖ ይሄዳል። ምስሎቹም በየማክሰኞው ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ከዋና ከተማ የሚመጡት ሰዎችም የነጭ ሜዳ አየር በአገሩ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለ መሆኑን በየስብሰባው ይናገራሉ። ከተማው በየሳምንቱ ይቀብራል።

ትርሲት ቤቷ ስትደርስ ባሏ ይርዳው ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ተጋድሞ መተኛት ከተወ ቆይቷል። ዳማ በፊቱ አልፋ ወደ ጓዳ ገባች።

«እመቤቲቱ እንዴት ዋለች?» አለ። «አለፈች?»

«አለፈች።»

«እንኳን ደስ አላት። እኔም ደህና ነኝ ማለት ነዋ።» ሊሥቅ ፈለገ፤ ሣቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ረዘመ። ትርሲት ትከሻውን ይዛ ቆየች። በመዳፏ ሥር አጥንቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ከጓዳው የማጣሪያው ዝግ ያለ ጉርምርምታ ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አስካለ መጣች። አስካለ ከትርሲት በዕድሜ ትበልጣለች፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ወሬ ትወዳለች። ሳሎኗን ያየ ሰው አይረሳውም፦ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በበጓ የንጹሕ ሳንባ ምስሎች ተሸፍኖ፣ ከመካከላቸው የባሏ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ያ ሰው ሲያስል ሲያስል የሞተው ከእነዚያ ምስሎች ሥር ነው።

«ስሚ እንጂ» አለች ገና ሳትቀመጥ፤ «የታችኛው ሰፈሩን ጉደታን ታውቂው የለም? ደረቱ እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚጮኸውን?»

«ሞተ እንዴ?»

«የምን መሞት! ትናንት ገበያ መሃል ከበርበሬ ነጋዴዋ ጋር ሲሳደብ አገኘሁት። ስድቡን ብትሰሚው! እኔ ሁለት ቃል ተናግሬ ለማረፍ እቀመጣለሁ፤ እሱ ትንፋሽ ተርፎት የሴትየዋን ሰባት ዘር ይቆጥራል።»

ይርዳው ከሶፋው ቀና አለ።

«ምን አገኘ?» አለ።

«በጉ ጉም ታየበት ተባለና ደጋ ወዳለው ማገገሚያ ወሰዱት። ጉደታን ደግሞ በጠባቂነት አስከተሉት። እዚያ መድኃኒቱ በመርፌ አይደለም አሉ፤ ከጣሪያው እንደ ጤዛ ይረጫል። በጉ ሲተነፍስ ጉደታም ተነፈሰ፤ ምን ያድርግ? ክፍሉ አንድ ነው።»

«ቤቱስ?» አለች ትርሲት። «ቆሻሻ አልተባለም?»

«ተባለ እንጂ! ሚስቱ እስከ ዛሬ ከሰው አትቀላቀልም። የመንግሥት በግ አሳምማ፣ በየት ዐይኗ ሰው ታያለች? እኔ በበኩሌ ሞቴን እመርጣለሁ» አለች አስካለ፤ ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ረጅም ጊዜ ሳለች።

አስካለ ከሄደች በኋላ ትርሲት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። በመጨረሻ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ዛሬ አንተ ጓዳ ትገባለህ» አለች። «ዳማ ትወጣለች።»

«አብደሻል?»

«አላበድሁም።»

«ትርሲት፣ እኔ በሕይወቴ የሰው አደራ በልቼ አላውቅም። አባቴ የጎረቤት ዶሮ ከግቢያችን ብትጥል እንቁላሉን በእጃችን ያስመልሰን ነበር። አሁን ልሞት ስል ልጀምር?»

«አንተንስ?» አለችው። «አንተን ለማን ነው አደራ የሰጡት? ሽማግሌዎቹ በሠርጋችን ቀን ተነሥተው ለማን ነው የተናገሩት? ለበግ ነው?»

ይርዳው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ግን ቀደመው። ሲያበቃ ዐይኑን በእጁ ጠርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አድርጊ» አለ። «እኔ ግን አላየሁም።»

ትርሲት ብቻዋን አደረገችው። የባሏን ፍራሽ ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባች፤ ዳማን አውጥታ ከሳሎኑ መስኮት ሥር አሰረቻት፤ መስኮቱ ወደ ወፍጮው ያያል። መዝጊያውን ከፈተችው። ዱቄቱ በፀሐዩ ውስጥ እየተንከባለለ ገባ። ዳማ አዲሱን ቦታ አሽትታ፣ ትርሲት ካለች የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ አምና፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ትርሲት ይህን አየች። እንስሳን መግደል እንደ ልማድ ነው፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ጥቂት ነው። የሚያምንን ፍጡር ቀስ በቀስ ማፈን ግን ሌላ ነገር መሆኑን ታውቃለች፤ ስሙንም ታውቃለች። ስሙን እያወቀች መስኮቱን አልዘጋችውም።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ሥርዓት ተገለበጠ። ጠዋት ጠዋት ትርሲት የበጓን ጠጉር ታራግፋለች፤ ዱቄቱ ከጠጉሯ እንደ ጭስ ይነሣል። ይርዳው በጓዳ ውስጥ መጋደም ቻለ፤ ሌሊት የሚተኛው እንቅልፍ ረዘመ፤ ሆኖም የተጎዳውን ሳንባ ንጹሕ አየር ብቻ አልጠገነውም፤ ሳሉ ዝግ አለ እንጂ አልተወውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ምስሉ እንደ ወትሮው ጥቁር ይወጣል። ክረምቱ አለፈ። ዝናቡ ሲያባራ ዱቄቱ በረታ፤ በዚያ ወራት ዳማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳለች። የበግ ሳል የሽማግሌ ሳል ይመስላል፤ ይርዳው ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ፣ «ማን መጣ?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንም አልመጣም» አለች ትርሲት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በግድግዳው ላይ ጉሙ ታየ። በሳንባዎቹ ሥር በኩል የተዘረጋ፣ ማለዳ በወንዝ ላይ እንደሚተኛው ያለ ስስ ነጭ ነበር። ናሁሠናይ ወደ ትርሲት ሳይሆን ወደ ዳማ ሄዶ ግንባሯን አሻሸ።

«አይዞሽ» አላት። «አይዞሽ፣ ትድኛለሽ።»

በሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች በበሩ በኩል ምስሉን አይተዋል። ትርሲት ስትወጣ መንገድ ለቀቁላት፤ የለቀቁላት ግን ከሚገባው በላይ ሰፊ ነበር። አንዷ የራሷን በግ በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈች። አስካለ ከሰልፉ መካከል ነበረች።

«ቤት አልጠረግሽም እንዴ፣ ሰሞኑን?» አለች ጮክ ብላ። ሌሎቹ ሣቁ። ትርሲት ቀና ብላ አየቻት፤ አስካለም ዐይኗን ሰበረች።

ናሁሠናይ ተከትሏት ወጣ።

«ሐሙስ መኪናው ይመጣል። ጠባቂ ትፈልጋለች። ቤት ያደገች በግ ከባዕድ እጅ አትበላም፤ በረሃብ ያለቁብን ብዙ ናቸው። ስለዚህ የምታበላት አንቺ… ይቅርታ፣ እርስዎ አብረዋት ይሄዳሉ።»

«የሚያበላት ባለቤቴ ነው» አለች ትርሲት።

በሕይወቷ ውሸት ተናግራ አታውቅም ማለት ይከብዳል፤ የመንግሥት ሰው ፊት ቆማ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቃሉ በቀላሉ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

«ታዲያ ሐሙስ እናያለን» አለ ናሁሠናይ። «ሁለታችሁም ትቆማላችሁ፤ ራሷ ትመርጣለች። በሰው ቃል አንሄድም፣ እትዬ፤ አይቀየሙኝ።»

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ለበግ ትምህርት አጭር ነው። ይርዳው ፉርሽካ በመዳፉ ይዞ ከዳማ ፊት ተንበረከከ። ዳማ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። ጨው ጨመረበት፤ አሁንም አዞረች። ትርሲት ቤቱን ለቃ ከግቢው በር ውጭ ተቀመጠች፤ ዳማ በመስኮቱ ወደ በሩ አንጋጣ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ዋለች።

«አትበላም» አለ ይርዳው በማግስቱ። ጣቶቹ መካከል ፉርሽካው ደርቆ ነበር። «ልክ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔም ካንቺ እጅ ነው የበላሁት፤ እንኳን እሷ። ተይው፣ ትርሲትዬ። አንቺ ሂጂ። አንቺም እኮ ታስያለሽ።»

«እኔ አላስልም።»

«ማታ ማታ እሰማሻለሁ።»

«አልሄድም አልኩህ!»

ሐሙስ ዕለት መኪናው በግቢው በር ላይ ቆመ። ነጭ፣ መስኮቱ የታሸገ፣ ጣሪያው ላይ የራሱ ማጣሪያ ያለው መኪና ነበር። ናሁሠናይ ከአንዲት የማገገሚያው ሠራተኛ ጋር ወረደ። ጎረቤቶቹ በየአጥራቸው ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ፤ አስካለም በደጃፏ ቆማለች። ዳማን ከግቢው መካከል አቆሟት። ይርዳው በአንድ በኩል፣ ትርሲት በሌላ በኩል ቆሙ፤ ሁለቱም መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁለት ቀን ያልበላችው በግ ለቅጽበት እንኳ አላመነታችም። ቀጥ ብላ ወደ ትርሲት ሄደች።

ትርሲት በዘረጋችው እጅ ፊቷን መታቻት።

ዳማ ከመመታት ጋር አትተዋወቅም ነበር። አልሸሸችም፤ ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ ጆሮዎቿን አራግፋ አፍንጫዋን እንደገና ወደ ትርሲት መዳፍ አቀረበች። ትርሲት ሁለተኛ መታቻት፤ በዚህ ጊዜ አጥብቃ። ፉርሽካው በአየር ላይ ተበተነ። ዳማ ወደ ኋላ ሸሽታ በግቢው መካከል ቆመች፤ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ከዚያ ሳለች። በዚያው ቅጽበት ይርዳውም ሳለ፤ ሊይዘው ሞክሮ ነበር፣ አልሆነለትም። በጓ ድምፁን ወደ ሰማችበት ዞረች። ሳሉ እስኪያልቅ ድረስ ስታየው ቆየችና፣ በዝግታ ሄዳ፣ ከመዳፉ መብላት ጀመረች።

«ትበላለች» አለች የማገገሚያው ሠራተኛ።

ናሁሠናይ ወደ ትርሲት ቀረበ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ለምን መቷት?»

«ባሌን እንድትለምድ» አለች ትርሲት። እውነቱ ይኸው ነበር።

ወጣቱ አሰላሰለ፤ ከዚያም ራሱን በርኅራኄ ነቀነቀ። «ገብቶኛል» አለ። «ናፍቆቱ እንዳይጎዳት ነው። ብዙ ሰው እንደዚህ አያስብላቸውም።»

ይርዳው ወደ መኪናው ሲወጣ ተደግፎ ነው። ከደረጃው ላይ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት፤ የሚናገረውን ቃል ፈለገ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። በሩ ሲዘጋ ወፍ እንደሚተነፍስ ያለ ስስ ድምፅ አሰማ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ትርሲት እጇን ብዙ ጊዜ ታጠበች። ወደ እድር አልሄደችም፤ የጠራትም አልነበረም። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቆማ ታለቅሳለች። ሳሏን ለመስማት የሚቀርባት ስለሌለ እንደ ልቧ ታስላለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ናሁሠናይ አንዲት ጠቦት አቅፎ መጣ። ነጭ ናት፤ እግሮቿ ገና አልጠኑም።

«አዲሷ ምስክርዎ» አለ። ቀጥሎም፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት፣ በእጁ የያዘውን ስክሪን አዞረላት። «ይህን ላሳይዎ ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት። የዳማ ሳንባ ነው። ይኸውልዎ፣ በዚህ በኩል፤ ጉሙ እየሳሳ ነው።»

ትርሲት ተመለከተች። ጥቁሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነጩን ይገፋዋል።

«ሰውዬውስ?» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ባሌ።»

«ውይ፣ እሳቸው! ደህና ናቸው መሰለኝ። ያበሏታል።»

«ያስላል?»

ናሁሠናይ ግራ ተጋባ። «እሱን አልጠየቅሁም» አለ። «ግን ይኸው፤ ምስሉ እኮ ግልጽ ነው። በዚህ አያያዝ ከሄደ ፋሲካ ሳይደርስ ትጸዳለች። እንደ ጸዳች ወዲያው ይመለሳሉ፤ እሷም እሳቸውም። እዚያ ለጤነኛ ቦታ የለም።»

«ወደዚህ?»

«ወደ ቤታቸው ነዋ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ትርሲት፤ እስከ በሩም ሸኘችው።

ተመልሳ ጠቦቷን ከመሬት አነሣቻት። ልቧ በመዳፏ ሥር ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር። ፋሲካን አሰበች፤ በዓሉ የሚውልበትን ወር አሰበች፤ ዳማን ለማሳመም የፈጀባትን ጊዜም አሰበች። ዳማ ትልቅ በግ ነበረች። የጠቦት ሳንባ ስስ ነው፤ ቶሎ ይያዛል። ይርዳው ሲመለስ የምትታመም ሌላ በግ ከቤት ካለች፣ ሌላ መኪና ይመጣል፤ ጠባቂ ይፈለጋል። ይህችኛዋ ግን እርሷን መልመድ የለባትም። ስለዚህ ስም አላወጣችላትም፤ ፊቷንም አላሻሸቻትም። ከሳሎኑ መስኮት ሥር አሰረቻትና መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

በመንገዱ ማዶ የአስካለ መስኮት ተከፍቷል። ከመስኮቱ የበግ ራስ ወጥቶ ወደ ወፍጮው ይመለከታል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቤትም እንዲሁ፤ ከዚያም በቀጠለው። ትርሲት አንገቷን አስግጋ መንገዱን ሽቅብና ቁልቁል አየች። የላይኛው ሰፈር መስኮቶች በሙሉ ተከፍተዋል፤ ከየመስኮቱ በጎች አንገታቸውን አውጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ያስላሉ።

አስካለ ከበጓ ጎን ብቅ አለች። ትርሲትን ስታይ አልተሸማቀቀችም፤ ከሐሙሱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«ትርሲት! ዛሬ ዱቄቱ ምነው ሳሳ?»

ትርሲት ወደ ምሥራቅ ተመለከተች። በወፍጮው ላይ ሰማዩ ከወትሮው ጠራ ብሏል።

«ነገ ይበረታል፣ እትዬ አስካለ» አለቻት። «አይዞሽ፣ ነገ ይበረታል።»